አቶም አይተህ ታውቃለህ?

በእ.ኤ.አ. 1897 ቪየና ውስጥ በሳይንስ አካዳሚ ስለ አቶም ክርክር ተነሳ። በመሃል ኤርንስት ማክ አቶም የሚባል ነገር አለ ብሎ እንደማያምን ቁርጥ አድርጎ ተናገረ። ይህን የጻፈልን ተከራካሪው ሉድቪግ ቦልትዝማን ነው፤ ንግግሩ ከጭንቅላቱ አልወጣ ብሎት እንደነበርም ነግሮናል። ማክ ሰው አቶም ባነሳበት ቁጥር «አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ ይመልስ ነበር ይባላል።

ማክን ግን እንደ መሃይም እንዳታዩት። ተዋጊ ጄት «በማክ ሁለት በረረ» ሲባል የሚጠራው ስም የእሱ ነው። ነገሩ የፊዚክስ ክርክር ይመስላል እንጂ ሥሩ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ነው። የእውነታ መሠረቱ ቁስ ነው ወይስ ሀሳብ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ግሪካዊው ዲሞክሪተስ በእውነት ያሉት አቶሞችና ባዶ ቦታ ብቻ ናቸው፤ ጣዕምና ቀለም ከእነሱ የሚመጡ ናቸው አለ። ቁሳዊነት ወይም ማቴሪያሊዝም የምንለው መስመር ከዚህ ይመዘዛል። በሌላው ጫፍ አየርላንዳዊው ጆርጅ በርክሊ አለ። በ1710፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የአንድ ነገር መኖር ማለት በአእምሮ መታወቁ ነው ብሎ ጻፈ። ሀሳባዊነት ወይም ኢዲያሊዝም ማለት በአጭሩ ይኼ ነው።

ብዙ ሰው በርክሊ «ጠረጴዛው የለም» ያለ ይመስለዋል። አላለም። እሱ የጠየቀው ሌላ ነው፦ ከምታዩት፣ ከምትዳስሱት፣ ከምትሰሙት ጠረጴዛ ጀርባ «ቁስ» የሚባል ማንም ያላገኘው ነገር ለምን ትጨምራላችሁ? እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በንዴት ድንጋይ በእግሩ መትቶ «ይኸው መልሴ» ማለቱ ይተረካል። ግን እኮ እግሩ ላይ የተሰማው ነገርም ስሜት ነው። በርክሊ በዚህ የሚረታ አይደለም።

ወደ ቪየና እንመለስ። ማክ ራሱን ሀሳባዊ ብሎ አልጠራም፤ ከስሜት ህዋሳት ውጭ ያለን ነገር አለመቀበሉ ግን ለበርክሊ ጎረቤት አድርጎታል። ልዩነታቸውን በእኔ ሙያ ላስረዳ። ሰርቨሩ ሌላ አገር ነው፤ እኔ የማየው ሎጉን ብቻ ነው። ማክ «ሎጉን በትክክል መዝግበህ በአጭር ቀመር ካጠቃለልክ ጨርሰሃል፤ ከጀርባው አለ የምትለው ማሽን ለአንተ ማስታወሻ የሚሆን ሥዕል ነው» የሚል ዓይነት ሰው ነው። ቦልትዝማን ደግሞ «ሎጉ እንዲህ የወጣው ከጀርባ የሚሮጥ ነገር ስላለ ነው፤ ምን እንደሆነ ካልገመትክ ቀጥሎ የት እንደምትፈልግ አታውቅም» ይላል።

ለቦልትዝማን ይህ የሻይ ቤት ወሬ አልነበረም። ትኩስ ሻይ ለምን ይቀዘቅዛል፣ ለምንስ ራሱ ተመልሶ አይሞቅም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቆጠራ ነበር፦ ቅንጣቶቹ ሊደረደሩ የሚችሉባቸውን መንገዶች መቁጠር። አቶም ከሌለ የሚቆጠር ነገር የለም፤ የዕድሜ ልክ ሥራው ከንቱ ነው። ኬሚስቱ ቪልሄልም ኦስትቫልድም በበኩሉ ሁሉም ነገር ኢነርጂ ነው፤ አቶም አያስፈልግም እያለ ይከራከረው ነበር። ቦልትዝማን በመስከረም 1906 ጣሊያን ባሕር ዳርቻ አጠገብ ባለችው በዱዊኖ ሕይወቱን አጠፋ። ክርክሩ ገደለው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ለዓመታት ከከባድ ድብርት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነበርና አንድ ምክንያት መዝዞ ማውጣት አይገባም።

የሚያሳዝነው፣ መልሱ ከመሞቱ በፊት መምጣት ጀምሮ ነበር። በ1905 በርን ከተማ በፓተንት ቢሮ የሚሠራ አልበርት አይንስታይን የሚባል ወጣት፣ ውሃ ላይ የተበተኑ ደቃቅ ቅንጣቶች ያለ እረፍት የሚንቀጠቀጡት በውሃው ሞሌኪውሎች ስለሚገፉ ነው ብሎ ስሌቱን አወጣ። በ1908 ፓሪስ ላይ ዣን ፔረን ከዛፍ ሙጫ የሠራቸውን ደቃቅ እንክብሎች በማይክሮስኮፕ እየቆጠረ ስሌቱን አረጋገጠ። በ1909 ኦስትቫልድ ራሱ መሸነፉን በጽሑፍ አመነ።

ታዲያ ቁሳዊነት አሸነፈ? ቆይ። ያው አይንስታይን፣ በዚያው በ1905፣ ሌላ ጽሑፍ አወጣ፤ ለሁሉም እኩል የሚቆጥር ፍፁም ጊዜ የሚባል ነገር የለም የሚል። እዚህ ላይ ማንን አነበበ? ማክን። የማይለካን ነገር አለ አትበል የሚለው የማክ ጥርጣሬ መንገድ እንደከፈተለት ማክ በ1916 ሲሞት በጻፈው መታሰቢያ ላይ መስክሯል። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሰው እጅ፣ የቦልትዝማን እምነት አቶምን ሰጠን፤ የማክ ጥርጣሬ ደግሞ ፍፁም ጊዜን ወሰደብን። ሁለቱም ሠርተዋል።

ክርክሩን የዘጋው ላቦራቶሪ ሳይሆን ፖለቲካ ነው። በ1909 ሌኒን የማክን ተከታዮች ሀሳባዊ ናቸው ብሎ የሚያወግዝ መጽሐፍ አሳተመ። ዋናው ዒላማ የፓርቲ ጓዱ አሌክሳንደር ቦግዳኖቭ ነበር፤ ቦግዳኖቭ በዚያው ዓመት ከቦልሼቪኮች ክንፍ ተባረረ። መጽሐፉ በኋላ በሶቪየት ኅብረት የፍልስፍና ትምህርት መደበኛ ማስተማሪያ ሆነ። ጥያቄው ወደ እኛም በብዛት የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን ሲያስተምር፣ «ቁስ ወይስ ሀሳብ?» የሚለው ጥያቄ ከነመልሱ ተሸክፎ ነበር የመጣው። «አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ማክ በዚያ ክፍል ወንበር አልነበረውም። እንደዚያ ሲሆን የሚጎዳው ሀሳባዊው ብቻ አይደለም፤ ቁሳዊውም መልሱን ፈልጎ የማግኘት ዕድሉን ያጣል። ፔረን እንክብል የቆጠረው የሚጠራጠር ሰው ስለነበረ ነው።

ዛሬ ተራው የጥቁር ቁስ ነው። የጋላክሲዎች አዟዟር በሚታየው ቁስ ብቻ አልብራራ ስላለ፣ አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች ከሚታየው አምስት እጥፍ ገደማ የሚሆን የማይታይ ቁስ አለ ይላሉ። ቅንጣቱን እስካሁን ማንም አልያዘም። ጥቂቶች ደግሞ ያላየነውን ነገር ከምንጨምር የስበት ሕጉን እናስተካክል ባዮች ናቸው። አንዱ ወገን ከመሬት በታች መመርመሪያ ይተክላል፣ ሌላው ቀመሩን እንደገና ይጽፋል። ማንም ማንንም ከክፍል አላባረረም፤ ለጊዜው ትልቁ ተስፋ እሱ ነው።