የተናቀው ዶፓሚን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የማወራችሁ የጥንቸል ወሬ ነው፤ ተረት ግን አይደለም። አገሩ ስዊድን፣ ከተማው ሉንድ፣ ዓመቱ 1957 ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራውንም ዓመት ሁሉ እንደዚያው ቁጠሩልኝ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ጥንቸሎች አሉ። ጆሯቸው ወድቋል፤ ሰውነታቸው ባለበት ደርቋል። ሞተዋል እንዳይባል ይተነፍሳሉ፤ ደህና ናቸው እንዳይባል አንዲት እርምጃ አይራመዱም። እንዲህ ያደረጋቸው ሬዘርፒን የሚሉት መድኃኒት ነው። ከህንድ አገር ዕፅ ሥር የሚወጣ፣ በዚያ ዘመን ለደም ግፊትና ለአእምሮ ሕመም በሰፊው የሚታዘዝ መድኃኒት ነበር። ሐኪሞች ደግሞ አንድ ነገር ታዝበዋል፤ መድኃኒቱን ከሚወስዱት አንዳንዶቹ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃቸው ያጥራል፣ ፊታቸው ስሜት አልባ ይሆናል። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 ባሳተማት ትንሽ መጽሐፍ የገለጻቸውን በሽተኞች ይመስላሉ።

አሁን አንድ የ34 ዓመት ሰው ወደ ጥንቸሎቹ ይጠጋል። ስሙ አርቪድ ካርልሰን ነው። በመርፌው ውስጥ ያለው ዶፓ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ወጋቸውና ጠበቀ። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ጆሯቸው ቀጥ አለ፤ ዞር ዞር አሉ፤ ተንቀሳቀሱ።

ጥንቸሎቹ ይቆዩንና ወደ ሰውየው እንሂድ። ኡፕሳላ ተወልዶ ሉንድ ያደገ፣ አባቱ የታሪክ ፕሮፌሰር የነበሩ ሐኪም ነው። ሲጀምር የአንጎል ሰው አልነበረም፤ ያጠና የነበረው የካልሲየምን ነገር ነው። በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ከፍ ያለ የማስተማር ቦታ ቢጠይቅ ገምጋሚዎቹ ካልሲየም ለዘመናዊው የመድኃኒት ሳይንስ ዋና ጉዳይ አይደለም ብለው አለፉት። እንደኔ እንደኔ እነዚያ ገምጋሚዎች ሳያስቡት ለዓለም ትልቅ ውለታ ውለዋል። አርቪድ ሌላ ሙያ ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ በ1955 አሜሪካ፣ ቤቴስዳ፣ በርናርድ ብሮዲ ቤተ ሙከራ ገባ። የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ የያዘው ግን ብዙ ነው። የብሮዲ ሰዎች ሬዘርፒን ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ከአንጎል ጠራርጎ እንደሚያስወጣ ደርሰውበታል። በዓይን የማይታየውን ቅንጣት ብርሃን እየፈነጠቁበት፣ መልሶ በሚሰጠው ፍካት መጠን የሚለካ አዲስ መሣሪያም ነበራቸው።

አርቪድ ታዲያ አንድ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ፤ ሬዘርፒን የሚጠርገው ሴሮቶኒንን ብቻ ነው? ኖርአድሬናሊን የሚባለውን ሌላውን የአንጎል ንጥረ ነገርስ? ሉንድ ሲደርስ ከኒልስ-ኦኬ ሂላርፕ ጋር ሆኖ ለካ። እውነትም ያም ተጠርጓል። እንግዲያው እንስሳቱን ያደረቃቸው የኖርአድሬናሊን እጥረት ከሆነ፣ ያንኑ ቢመልሱላቸው መንቃት አለባቸው። ችግሩ ኖርአድሬናሊን ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም። ዶፓ ግን ይሻገራል፤ ከተሻገረ በኋላም ሰውነት እዚያው ይለውጠዋል። ዶፓ ዶፓሚን ይሆናል፣ ዶፓሚን ኖርአድሬናሊን ይሆናል። የመርፌው ምስጢር ይህ ነው።

ጥንቸሎቹ ነቁ፤ ይህን አይተናል። ታሪኩ የሚጣፍጠው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የነቁትን እንስሳት አንጎል ቢመረምሩ ኖርአድሬናሊኑ አልተመለሰም! ባዶ እንደነበረ ባዶ ነው። ታዲያ ማን ቀሰቀሳቸው?

መሀል ላይ የቀረ አንድ ብቻ ነበር፤ ዶፓሚን። እስከዚያ ቀን ድረስ ሳይንቲስቶቹ ዶፓሚንን የሚያዩት ጥንስስ እንደሚታይ ነበር፤ ጠላ ሊሆን በመንገድ ላይ ያለ፣ ለራሱ ስም የማይሰጠው ነገር። ጥንስስ ቀድቶ እንግዳ የሚያስተናግድ ማን አለ? አርቪድና ባልደረቦቹ ማርጊት ሊንድክቪስት፣ ቶር ማግኑሰንና ቤርቲል ቫልዴክ ዶፓሚንን ራሱን የሚለኩበትን ዘዴ አበጅተው በ1958 ውጤቱን አሳተሙ። ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ በደህና መጠን አለ። ሬዘርፒን ያጠፋዋል፤ ዶፓ ይመልሰዋል። በዓመቱ እዚያው ሉንድ ኦኬ ቤርትለርና ኤቫልድ ሩሴንግሬን የጎደለውን ጨመሩ፤ ዶፓሚን በብዛት የሚገኘው ስትራያተም በሚባለው፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ በሚያስተካክለው የአንጎል ጥልቅ ክፍል ውስጥ ነው። መንቀጥቀጥ፣ መድረቅ፣ መዘግየት፤ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ጠቆመ። አርቪድ የፓርኪንሰን ሕመም ከዶፓሚን ጋር ሳይያያዝ አይቀርም አለ።

እዚህ ላይ ስለ ዶፓ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በባዝል ከተማ የሆፍማን-ላ ሮሽ ኬሚስት የነበረው ማርኩስ ጉገንሃይም በ1913 ዶፓን ነጥሎ ያወጣው ከምን ይመስላችኋል? ከባቄላ ነው! እኛ እሸቱን ፈልፍለን የምንበላው፣ ደረቁን ለሹሮ የምናደርገው ባቄላ። ጉገንሃይም ራሱ ላይ ሊሞክረው 2.5 ግራም ዋጠና ክፉኛ አስመለሰው። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመታት ያህል ዶፓ ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም ተብሎ መደርደሪያ ላይ ከረመ። ደግሞ ይህን ሰምቶ መድኃኒቱን ትቶ ባቄላ ላይ የሚወድቅ በሽተኛ እንዳይኖር፤ በባቄላው ውስጥ ያለው መጠን ከቦታ ቦታ፣ ከእሸት እስከ ደረቅ ስለሚለያይ ልክ የለውም።

ወደ ለንደን እንሂድ፤ 1960 ነው። የዘርፉ ሊቃውንት ተሰብስበዋል፤ አርቪድም አለ። ከመካከላቸው ሰር ሄንሪ ዴል አሉ፤ በ1936 ኖቤል የተሸለሙ፣ የዘርፉ አባት የሚባሉ አዛውንት። የተሸለሙበት ሥራ ምን መሰላችሁ? የነርቭ መልእክት በኬሚካል እንደሚተላለፍ በማሳየት ነው። አብረዋቸው የተሸለሙት ኦቶ ሎዊ ደግሞ ሙከራቸውን በሕልም አይተው፣ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ቤተ ሙከራ የሮጡ ሰው ናቸው። የአንዲት እንቁራሪት ልብ ነርቩ ተነክቶ ሲዘገይ በዙሪያው የነበረውን ፈሳሽ ወስደው በሌላ ልብ ላይ ቢያፈሱት፣ ነርቩን ማንም ያልነካው ሁለተኛው ልብ ዘገየ። ይህ በ1921 ታትሟል። እንግዲህ ከሊቃውንቱ ሁሉ አርቪድን ይረዱታል የሚባሉት ሰር ሄንሪ ነበሩ።

አልተረዱትም። ዶፓ መርዝ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። ማርቴ ፎግት የምትባለው ታላቅ ተመራማሪም ይህ ሐሳብ ዕድሜው ረጅም አይሆንም አለች። ክርክሩ የነበረው በደም ሥርና በልብ ዙሪያ ያሉ ነርቮች በኬሚካል ይነጋገራሉ ወይ የሚለው አልነበረም፤ ያ ከተፈታ ቆይቷል። አንጎል ውስጥ ግን የሚሮጠው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው ብለው ያመኑ ብዙዎች ነበሩ። በነርቭ ሕዋስና በነርቭ ሕዋስ መካከል ያለች ቀጭን ክፍተት አለች፤ ኤሌክትሪኩ ጫፍ ሲደርስ ከረጢቶች ተከፍተው ኬሚካሉ ክፍተቷን ይሻገራል፣ ከወዲያ ማዶ የሚቀበለው አካል ላይ ይጣበቃል። አርቪድ የሚለው ይህ በአንጎልም አለ ነበር። አገሩ ተመልሶ ከሂላርፕ ጋር ማስረጃ ማሳደዱን ቀጠለ። ሂላርፕ ከቤንግት ፋልክ ጋር ሆኖ የአንጎልን ቁራጭ በፎርማልዴሃይድ ጋዝ የሚያበራ ዘዴ አበጀ። ከዚያ በኋላ ሰው በማይክሮስኮፕ ዓይኑን አስጠግቶ ዶፓሚን የያዙትን ሕዋሳት አረንጓዴ ሲያበሩ ማየት ቻለ። ክርክሩን ከንግግር ይልቅ የዘጋው ይህ ብርሃን ነው።

በዚሁ ጊዜ ቪየና ውስጥ ኦሌህ ሆርኒኬቪች የሚባል ሌላ ሰው የጥንቸሉን ትቶ የሰውን አንጎል ይዞ ተቀምጧል። በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል ከሌሎች ሟቾች ጋር ያመሳክራል። ለመለካት የሚጠቀምበት ዘዴ ዶፓሚን ካለ ፈሳሹን ሮዝ ያደርገዋል። የጤነኞቹ ናሙና ሮዝ ሆነ፤ የፓርኪንሰኖቹ ቀለም አልያዘ ያህል ነው። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በባዶ ዓይን! ከኸርበርት ኤሪንገር ጋር በ1960 አሳተመው። ወዲያው ሐኪሙን ቫልተር ቢርክማየርን ዶፓን በሽተኞች ላይ እንሞክር ብሎ ጠየቀው፤ ቢርክማየር አንገራገረ፣ ወራት አለፉ። በ1961 ክረምት መርፌው ተወጋ። ተኝተው መነሣት ያልቻሉ ተቀመጡ፤ ተቀምጠው መቆም ያልቻሉ ቆሙ፤ ቆመው መራመድ ያልቻሉ ተራመዱ። ይህ የሚቆየው ግን ለጥቂት ሰዓታት ነበር።

መድኃኒቱን የዕለት ተዕለት ያደረገው በኒውዮርክ ግዛት፣ ብሩክሄቨን፣ ጆርጅ ኮትዚያስ የሚባል ግሪካዊ ሐኪም ነው። ሌሎች በትንሽ መጠን ሞክረው ተስፋ ሲቆርጡ እርሱ በአፍ እየሰጠ፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ ማቅለሽለሹን እያስታመመ ሄደ፤ ውጤቱን በ1967 አሳወቀ። የዛሬው ሌቮዶፓ የመጣው ከዚያ ነው፤ የማቅለሽለሹን ጣጣ የሚቀንስ ካርቢዶፓ የሚባል አጋር በኋላ ተጨምሮለታል።

በ2000 ኖቤል መጣ። አርቪድ ከፖል ግሪንጋርድና ከኤሪክ ካንደል ጋር ተሸለመ። ግሪንጋርድ ዶፓሚን ከተቀባዩ ላይ ካረፈ በኋላ ሕዋሱ ውስጥ የሚሆነውን፣ ፕሮቲኖች በፎስፌት እየተነኩ እንዴት እንደሚበሩና እንደሚጠፉ ያሳየ ሰው ነው። የገንዘቡን ድርሻ ለሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት መሠረተበት፤ ስሙንም እርሱን ስትወልድ በሞተችው እናቱ ሰየመው። የሆርኒኬቪች ስም ግን አልተጠራም። ከ200 በላይ የነርቭ ተመራማሪዎች ቅሬታቸውን በይፋዊ ደብዳቤ ገለጹ። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ፤ የጥንቸሉን ጆሮ ያቆመ ሲሸለም፣ ጉድለቱን በሰው አንጎል ውስጥ በዓይኑ ያየው ሊቀር አይገባም ነበር። አርቪድ ላይ ግን ምንም አላነሣም፤ እርሱ የሠራው የራሱን ነው።

መድኃኒቱ ቆሞ የቀረውን ያስኬዳል፤ በሕመሙ የሚሞቱትን ሕዋሳት ግን አያድንም። ዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት በመሀል አንጎል ባለ፣ በጥቁር ቀለሙ በሚለይ ክፍል ውስጥ ናቸው። በሽተኛው ጣቱ ተንቀጠቀጠ ብሎ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ብዙዎቹ ቀድመው ሞተዋል። ሌቮዶፓ ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ በፊት የማይንቀሳቀሰው አካል ሳይፈለግ መወራጨት ሊጀምር ይችላል። በ1997 አልፋ-ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ያለ ወጉ እየተከማቸ ሕዋሳቱን እንደሚያውክ የሚያሳይ ፍንጭ ተገኘ፤ በአንዳንድ ቤተሰቦች ሕመሙን የሚያመጣው የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል ስህተት ነው። ከዚያ ወዲህ ምርምሩ በአብዛኛው ወደዚያ ዞሯል። አርቪድ እስከ ዘጠናዎቹ ዕድሜው ድረስ ሲሠራ ኖሮ በ2018 በ95 ዓመቱ አረፈ፤ ሆርኒኬቪች በ2020 ተከተለው። ሐኪሞች ዛሬም ለፓርኪንሰን በሽተኛ በብዛት የሚያዝዙት ሌቮዶፓን ነው፤ የሕዋሳቱን ሞት የሚያስቆም መድኃኒት ገና አልተገኘም።