«አላላ»፣ «አቀለለ»፣ «አለዘበ»፣ «አጸና»፦ የቃላቱ አገባብ በንስሐ ትምህርት

ንስሐ ከገቡ ምእመናን «ሕጉ ላላልኝ» ሲባል ዘወትር እንሰማለን። የንስሐ አባት ግን ቀኖናን ያቀልላል እንጂ ሕግን አያላላም። ማላላት የጠበቀውን እንዲለቅ ማድረግ ነው፤ ለገመድም ለንባብም ይነገራል። («ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ያልደረሰ ነገር።) ማቅለል ግን ሸክሙ ሳይነሣ ክብደቱን መቀነስ ነው። ለታመመ ወይም ለአረጋዊ ስግደቱ በጸሎት ወይም በምጽዋት ሲለወጥ ቀኖናው ቀለለ እንላለን፤ ኃጢአቱ ግን ኃጢአት መሆኑ አልቀረም። ይህን ያልለየ ተነሳሒ ሕጉ የተሻረለት መስሎት ወደ ቀደመ ሥራው ሊመለስ ይችላል፤ በቃላቱ ላይ መድከማችንም ስለዚህ ነው።

ማለዘብ ሻካራውን ማለስለስ ነው። በማቴዎስ ወንጌል 11፥30 ቀንበሩ «ልዝብ»፣ ሸክሙ «ቀሊል» ተብሏል፤ ቀንበሩም ሸክሙም ግን አሉ። በምሳሌ 15፥1 የለዘበችው መልስም የለዘበችው በአነጋገሯ እንጂ በእውነትነቷ አይደለም። ከዚሁ ሥር የወጣው «ለዘብተኛ» በሃይማኖት ነገር ሲነገር ነቀፌታ ነው፤ በራእይ 3፥16 ለብ ካለው ጋር ይቀራረባል።

«አጸና» ከግእዙ «አጽንዐ» ሲሆን ሁለት ፊት አለው። በሉቃስ 22፥32 ጴጥሮስ ወንድሞቹን እንዲያጸና ታዟል፤ በኦሪት ዘጸአት ግን ይኸው ቃል ስለ ፈርዖን ልብ ይነገራል። ስለዚህ «በሃይማኖት አጽናን» ብለን ስንጸልይ «በሃይማኖት» የሚለውን ልንተው አይገባም።