አስቴር ጋኖ፣ ሁለት ፊደልና የአዳማ ልጆች



በአዳማ በአንድ ግቢ የሚያድጉ ልጆች ሲጫወቱ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየቀላቀሉ ነው። ደብተራቸው ሲገለጥ ግን የአንዱ በፊደል፣ የሌላው በቁቤ የተጻፈ ነው። በወንጂ ደግሞ ለስኳር ፋብሪካው ሥራ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጡ ቤተሰቦች ስላሉ ቤት ውስጥ ሦስተኛ ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ብዙ ነው። ታዲያ ልጁ ማንበብ ሲያቅተው «ቋንቋ ተደባልቆበት ነው» እንላለን። እስቲ ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን እንየው።

በአፋን ኦሮሞ ለጀማሪ አንባቢዎች ከተዘጋጁት የመጀመሪያ መጻሕፍት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው «ጀልቀባ በርሲሳ» ነው። ያዘጋጁት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሲሆኑ፣ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። አስቴር በልጅነቷ በባርነት ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከቦች አስጣሏት። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። የሕዝቡን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ወደ 500 ያህል በጽሑፍ አሰፈረች። ብዙዎቹ በዚያ መጽሐፍ ገብተዋል። ተማሪው የሚያነበው በጆሮው የሚያውቀውን ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሥራም ብዙ ደክማለች፤ በርዕስ ገጹ ላይ የተጻፈው ግን የኦነሲሞስ ስም ነው። እንደ ሂሳብ ሠራተኛነቴ ይህ አይገርመኝም። ሰነድ የሚያሳየው የፈረመውን እንጂ የሠራውን ሁሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምቴ አስተምራለች።

ወደ እናቶቻችን ዘመን እንምጣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ይጻፉ ነበር። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. የኦሮሞ ምሁራን በአዲስ አበባ ተሰብስበው የላቲኑን ቁቤ መረጡ። አንዱ ምክንያት የድምፅ ጉዳይ ነው። «ቦሩ» ብለን በፊደል ብንጽፍ «ነገ» ይሁን «ድፍርስ» አይለይም፤ ቁቤ ግን አናባቢውን በመደጋገም ይለየዋል። በአማርኛም «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» የምናውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ።

ከዚህ የተነሳ በዘመቻው ፊደል የቆጠረች እናት፣ ኦሮምኛ አቀላጥፋ ብትናገርም፣ የልጇን የቁቤ ደብተር ማንበብ አትችልም። ልጁም የራሱ ፈተና አለበት። በቁቤ «ሲ» የምትባለው ፊደል «ጨ»፣ «ኤክስ» የምትባለው «ጠ» ተብላ ትነበባለች። ስለዚህ ልጁ ድመት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ጨት» ብሎ ቢያነብ፣ የተማረውን ሕግ በትክክል ተጠቅሟል። ይህ ልጅ መመታት ሳይሆን «ይህ የእንግሊዝኛ ነው» መባል ነው የሚያስፈልገው።

ችግሩ ሁለት ቋንቋ የሚያውቁትን ልጆች ብቻ የሚመለከትም አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህሉ ከቀረበለት ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻለም።

እኛ እናቶች ምን እናድርግ? ቁቤ የማታነብ እናት ልጇን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ትጠይቀው። ቋንቋውን ስለምታውቅ ቃሉ ትርጉም ይሰጥ እንደሆነ ጆሮዋ ይነግራታል። አማርኛ የምታነብ ጎረቤት ደግሞ የፊደሉን ልጅ ትያዝ። ሁለተኛ፣ እንቆቅልሹን፣ ሂብቦውን፣ ተረቱን እንናገርላቸው፤ ትልልቆቹ ልጆች ይጻፉት፤ ትንንሾቹ ያንኑ ያንብቡት። ሦስተኛ፣ ልጁ በአንዱ ፊደል በደንብ እስኪጸና ድረስ ሁለቱን በአንድ ቀን አናጣድፍበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና የቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዓት ነው። ደጋፊዎቻችን ደብተሩን ብታግዙን፣ ተረቱ በእናቶቻችን ዘንድ ሞልቷል። በሽፋኑ ላይም የተረከችውን እናትና የጻፈውን ልጅ ስም እናስፍር።