ስመ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ ስለ መወሰዱና ስለ መመለሱ

የይፋት ስም በነገሥታት ዜና መዋዕል የሚነሣው በጦር ነው። ዐፄ ዐምደ ጽዮን በ1324 ዓመተ ምሕረት በይፋቱ ሰብረዲን ላይ የዘመቱበት ታሪክ በግእዝ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። እኔ ግን በሸዋ ሮቢት፥ ማሾና ሽንኩርት በሚበቅልበት ቆላ ተቀምጬ የምጽፈው ስለ አንድ የኳስ ማኅበር ነው። ማኅበሩ የአዲስ አበባ ነው፤ ከእኛም 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ነገር ግን ስሙን አስቀድሞ የቀማው ጦር ያለፈው በእኛ ደጅ ነውና ለይፋት ሰው ባዕድ ነገር አይደለም።

በ1928 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡ በ6ኛው ዓመት፥ ጣሊያን የሰሜኑን ድንበር አልፎ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም ለጦርነት ወርደው ደሴ ሰፈሩ። ኅዳር 26 ቀንም ደሴ በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች፤ ቤትም ተቃጠለ፥ ሰውም አለቀ። አገር እንዲህ በተጨነቀበት ወራት፥ በታኅሣሥ፥ በአራዳ ሁለት ወጣቶች ተነሥተው የእግር ኳስ ማኅበር አቆሙ። የአንዱ ስም አየለ አትናሽ፥ የሁለተኛውም ጆርጅ ዱካስ ይባላል። በዚያ ዘመን በከተማው በማኅበር ሆነው ኳስ የሚጫወቱት አርመኖቹ፥ ግሪኮቹና ሌሎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የአገሬው ልጅ ግን በየሜዳው ይሮጥ ነበር እንጂ የሚጠራበት ስም አልነበረውም። ስለዚህ ስም ፈለጉ፤ ሩቅም አልሄዱም። ታቦቱ ዐድዋ ከዘመተው ከአራዳው ጊዮርጊስ ወስደው ማኅበራቸውን ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉት። ጣሊያን ዳግመኛ በመጣበት ዓመት ይህን ስም መምረጣቸው ልቤን ይነካዋል። ወጣቶች ነበሩ፤ ጠመንጃም አልነበራቸውም፤ በእጃቸው የነበረው ስም ማውጣት ነበር፥ እርሱንም አደረጉት።

አምስት ወር ሳይሞላም የማርሻል ባዶሊዮ ጦር በመኪና ተጭኖ ከደሴ ተነሣ፤ የይፋትንም ቆላ አቋርጦ ደብረ ሲና ደረሰ። በጣርማበር ዐቀበት መንገዱ ተሰብሮ ቢያገኘው ጥቂት ዘገየ፤ ወታደሩም ድንጋይ እየሞላ መኪናውን በክንዱ እየገፋ ወጣ። ዛሬ አውቶቡሶቻችን የሚያልፉበትን ዋሻ ጣሊያን ኋላ የፈለፈለው በዚያው ተራራ ነው። ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገባ።

ከገባም በኋላ በኳሱ ላይ ሕግ አወጣ። ነጭ ከጥቁር ጋር እንዳይጫወት ከለከለ፤ ለአገሬው ሰው ብቻ የሚሆን የስፖርት ጽሕፈት ቤትም አቆመ። የቅዱስ ጊዮርጊስንም ስም አንሥቶ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ብሎ ጠራው። ሊቶሪዮ ማለት የፋሺስቶች ዓርማ ስም ነው። ውቤ ሠፈርን ሰፈሩ ስለሆነ ተዉለት፤ ጊዮርጊስን ግን ወሰዱት። ልጆቹም በማይወዱት ስም እየተጠሩ አምስቱን ዓመት ኳሳቸውን አልተዉም። ይህን የሚነቅፍ ሰው ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን አልነቅፍም። ማኅበሩ ያን ጊዜ ቢበተን ኖሮ ነፃነት ሲመጣ ስሙን የሚቀበል ባላገኘ ነበር።

በ1933 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ በዚያችው በሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ የማኅበሩም ስም ተመለሰ። ከጣሊያኖቹ ቡድን ከፎርቲቱዶ ጋር ለመጫወትም ከልካይ አልነበረም። በ1936 አምስት ቡድኖች ለሻምፒዮና ተሰለፉ፤ እነርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ ፎርቲቱዶ፥ የአርመኖቹ አራራት፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ነበሩ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱ። ጊዮርጊስ እስከ 1942 ድረስ ታግሦ አገኘው።

አሁን ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እንናገር፤ ያለ እርሳቸው ይህ ዜና አይሞላምና። አባታቸው በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። አቶ ይድነቃቸው በ1914 ዓመተ ምሕረት በዕለተ ዕንቁጣጣሽ ተወለዱ። ማኅበሩ በተመሠረተበት ዓመት ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ገቡ፤ ከዚያም 23 ዓመት ከሌላ ቡድን ሳይገቡ ለጊዮርጊስ ተጫወቱ። በ365 ጨዋታ 318 ጎል አገቡ ይባላል። የሚከፈላቸው ደመወዝ አልነበረም። በ1949 በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ።

በ1954 ዓመተ ምሕረት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ በጥር 13 ቀን፥ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፥ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ገጠመች፤ አሠልጣኙም እርሳቸው ነበሩ። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች፤ ግርማ ተክሌና ሉቺያኖ ቫሳሎ እየተከተሉ አስተካከሉ። ሰዓት ተጨመረ። የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፥ የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገባ፤ 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውንም ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው ለሉቺያኖ ሰጡት። የሉቺያኖና የኢታሎ አባት ጣሊያናዊ፥ እናታቸው ኤርትራዊት ነበሩ። ነጭ ከጥቁር አይጫወትም የተባለበት ሕግ ከወጣ 25 ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

ከዚህ በኋላ ዙፋኑ ወደቀ፤ ደርግም ነገሠ። በዚያም ዘመን የማኅበሩ ስም ሁለተኛ ጊዜ ተወሰደ፤ ጊዮርጊስ መባሉ ቀርቶ በቢራ ፋብሪካ ስም ተጠራ። በዚያ ስም ከ1977 እስከ 1979 ሦስት ዓመት በተከታታይ የአገሪቱን ዋንጫ አነሣ። እግሩ አልደከመም ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ሆነው፥ በዘር የምትለየውን ደቡብ አፍሪካን ከዓለም ኳስ ለማስወጣት ሲሟገቱ ኖሩ። በ1979 ዓመተ ምሕረት በነሐሴ 13 ቀን፥ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ሆያ ሆዬ በሚሉበት በቡሄ ዕለት ዐረፉ። 23 ዓመት የለበሱት ማልያ ያን ቀን የጊዮርጊስ ስም አልነበረውም። ስሙ የተመለሰው እርሳቸው ካለፉ በኋላ ነው።

እኛ የይፋት ቆላ ልጆች ኳስ የምንጫወተው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፥ ሐሩሩ ሲበርድ ነው። ሁለት ድንጋይ ለጎል እናኖራለን፤ ከዚያም ኳሱ ሳይነካ አስቀድሞ ለቡድኑ ስም ይወጣለታል።