ብራናና ወረቀት በቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ

ጅዳ የመካ በር ናት፤ ምጽዋም ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ደጋ አገር በር ሆና ኖራለች። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ባሕር ጠባብ ስለ ሆነ ሸቀጡ ሲሻገር ስሙም አብሮ ይሻገራል። በአማርኛ «ወረቀት» የሚባለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ቅጠል ማለት ነው። ነገሩ ከየት እንደ መጣ ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ የሁለቱም ወገን የመጽሐፍ ጥንት አንድ ነው፤ ይኸውም ብራና ነው። መካና ጅዳ ያሉበት አገር ሒጃዝ ይባላል፤ በዚሁ አገር ስም ሒጃዚ የተባለው ጥንታዊ የቁርኣን ጽሕፈት የሚታየው በብራና ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ያሉት የሒጃዚ ቅጠሎች ብራናቸው በራዲዮካርቦን ተመርምሮ እ.ኤ.አ. ከ568 እስከ 645 ባለው ዘመን እንደ ተገኘ በ2015 ተገልጿል። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ካሉት ወንጌሎችም አንዱ በዚያው ዐይነት ምርመራ ከ530 እስከ 660 ያለው ዘመን ተሰጥቶታል። እንግዲህ በባሕሩ ወዲያ ቆዳ ሲፋቅ በወዲህም ይፋቅ ነበር።

ኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ከቻይና የተነሣው የወረቀት ሥራ በሳማርቃንድ በኩል አልፎ በ8ኛው መቶ ዓመት ባግዳድ ደረሰ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ያረጀ የተልባ እግር ጨርቅ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ እንደ ቡኮ እስኪላም ድረስ ይወቀጣል፤ በወንፊት ተጠልሎ ይደርቃል፤ ቀለም እንዳይመጥም ስታርች ይቀባል፤ በመጨረሻም በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል። ኢብን አል በዋብ የተባለው ስመ ጥር ጸሐፊ በ1000 ዓመት ገደማ በባግዳድ የጻፈው ቁርኣን በወረቀት ላይ ነው።

ከዚያም በኋላ የኢጣልያ ሰዎች ጥበቡን ተምረው ወረቀቱን መልሰው ለምሥራቅ ይሸጡ ጀመር። የቬኒስ ነጋድያን ለኦቶማን ገበያ ያቀረቡት ወረቀት በብርሃን ፊት ሲያዝ ሦስት ግማሽ ጨረቃ የሚታይበት ነበር። ይህ ምልክት ያለበት ወረቀት በሐረር ሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

የደጋው ቁም ጸሐፊ ግን ለቅዳሴና ለወንጌል ብራናን አልተወም። ምክንያቱም ፍየሉና በጉ በደጁ ነበሩ፤ ወረቀት ግን ከባሕር ማዶ በገንዘብ የሚመጣ ነበር። ደግሞም የቤተ መቅደስ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፥ በጢስም መካከል ሲኖር ብራና ይጸናል።

የማጠፍ ጥበብም ቢሆን ከወረቀት ጋራ ብቻ የሚኖር አይደለም። በኢትዮጵያ ሰንሱል የሚባለው መጽሐፍ ረጅም ብራና ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየታጠፈ የሚሠራ ነው፤ እጥፉ እንደ ሰንሰለት ስለሚያያዝ ይህ ስም ወጣለት። ሲታጠፍ በመዳፍ ይያዛል፤ ሲዘረጋ የቅዱሳን ሥዕል በተራ ይገለጣል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራና ዛሬ በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በዎልተርስ ቤተ መዘክር ያለ አንድ የታጠፈ ብራና፥ ሲከፈት እንደ መንኰራኵር ክብ ሆኖ ቅዱሳንን በዙሪያው ያሳያል።

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ በወረቀት ላይ መጀመሪያ የወጣው በ1513 በሮም በታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ኅትመት መጽሐፍን ለድኻው ሁሉ አደረሰለት፤ ይህ ታላቅ በጎነት ነው። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ወረቀት ከጨርቅ ይልቅ ከእንጨት ይሠራ ጀመር፤ ከሚገባበትም መድኃኒት የተነሣ በውስጡ አሲድ አደረ። እንዲህ ያለው ወረቀት በሰው ዕድሜ ውስጥ ይቢጫል፥ ይሰባበራል። የጨርቁ ወረቀት ግን ብዙ መቶ ዓመት ኖሯል። ስለዚህ ጥፋቱ የአሠራሩ ነው እንጂ የወረቀት ስም አይደለም።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚገባውን መለየት የአስተዋይ ሰው ፈንታ ነው። ተሳላሚ በመንገድ የሚያነባት ትንሽ መጽሐፍ በወረቀት ብትታተም መልካም ነው፤ ቢያረጅም ይታተማል። ለልጅ ልጅ የሚቀመጠው ግን በብራና ቢጻፍ ይሻላል፤ ይህም የሚሆነው ፋቂና ጸሐፊ ሲኖር ነው። ከጥንታዊ መጽሐፍ አንድ ቅጠል ቈርጦ ለመንገደኛ የሚሸጥ ሰው የሚያገኘው ገንዘብ በወሩ ያልቃል፤ የቈረጠው ቅጠል ግን ወደ ጥራዙ አይመለስም። ቆዳ መፋቅ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ሳያስተምር ቢሞት ደግሞ ያልተጻፉት መጻሕፍት ከእርሱ ጋራ ይቀበራሉ። ስለዚህ በየደብሩ ያሉ አባቶች ከደቀ መዛሙርቶቻቸው አንዱን እንኳ ለዚህ ሥራ ቢለዩ፥ የሚመጣው ትውልድ የሚያነበው ያገኛል።