በከሰል ማዳበሪያ ሲሰፈር

ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው አስፋልት ዳር በማዳበሪያ የተሞላ ከሰል ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። አፉ ላይ ቅጠል ተጎዝጉዞ በገመድ ተሰፍቷል፤ ውስጡ ያለው ትናንት ግራር ነበር። ዓለም ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል ሲባል ቁጥሩ በጆሯችን ገብቶ በጆሯችን ይወጣል። እኔ ግን ይህ ማዳበሪያ ይሰፍረዋል ባይ ነኝ።

ጋዙ አይታይም። ከእሳት ሲወጣ የምናየው ጭስ ጥላሸትና እንፋሎት ነው። ካርቦን ምድርን ምን ያህል እንደሚያሞቅ ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ አስልቶ ያሳተመው በ1888 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ዓድዋ በዘመትንበት ዓመት። ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ከሰጡ ገና ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ቀጥሎ ሚኤሶን አቋርጦ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። የእንፋሎቱ ባቡር ሲመጣ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። በ1940ዎቹ ናፍጣ ሲመጣ ጭሱ ሳሳ፤ ካርቦኑ ግን አልቀረም። አንድ ሊትር ናፍጣ ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ሲነድ ግን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ 2.7 ኪሎ ያህል ጋዝ ይሆናል። በ1950 አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ኪሊንግ ሃዋይ ላይ አየሩን መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 313ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 አልፈዋል።

ወደ ማዳበሪያችን እንመለስ። 40 ኪሎ ከሰል ይዞ ሦስት አራተኛው ካርቦን ቢሆን፣ ሲነድ 110 ኪሎ ጋዝ ይወጣዋል። ምድጃው ውስጥ የሚተርፈው አመድ ጥቂት ኪሎ ነው፤ ሌላው የት ሄደ ብላ የጠየቀች እናት ነገሩ ገብቷታል። በዚህ ስፍር ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣው ጋዝ ለዓለም ሕዝብ ቢካፈል፣ ለያንዳንዱ ሰው በዓመት 42 ማዳበሪያ ይደርሰዋል። ለአሜሪካዊው 130 ያህል ነው። የኢትዮጵያዊው ሁለት አይሞላም።

ግራሩ በዚህ ሒሳብ አልገባም። ተቆርጦ መልሶ ቢበቅል የለቀቀውን ይመልሳል፤ ካልበቀለ ዕዳው ይቀራል። በ2004 የወጣው የአገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ከልቀታችን ከ85 በመቶ በላዩ ከእርሻና ከደን እንደሚመጣ ያሳያል።

በ2008 የኤልኒኞ ድርቅ ሚኤሶ ያለችበትን ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ መታ፤ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በማግስቱ ዓመት መስከረም 25 በውሃ ኃይል የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ ከሰበታና ከደወሌ የመጡት ሁለቱ የግንባታ ክፍሎች የተገናኙት ሚኤሶ ላይ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ማሽላው ይደርቃል፣ ከብቱ ያልቃል፣ የቆላው ሰው ግራሩ ላይ መጥረቢያ ያነሣል። ድርሻው ሁለት ማዳበሪያ የማይሞላው ሰው፣ ለልጆቹ እህል ሊሸምትበት ከሰሉን መንገድ ዳር ያቆማል፤ ባቡሩ ያለ ጭስ ያልፋል።