ጥሪው ወዴት ዞረ? የደወለውስ ማን ነው?

አልሞን ስትሮውጀር የስልክ ባለሙያ አልነበረም። በ1839 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመተ፤ በመምህርነት ሠራ፤ በኋላም በካንሳስ ሲቲ ቀብር አስፈጻሚ ሆነ። በዚያ ዘመን ስልክ ያለው ሰው ራሱ ቁጥር አይመታም ነበር። መነጋገሪያውን ሲያነሳ ማዞሪያ ቤት የተቀመጠችው ኦፕሬተር ትመልሳለች፤ የፈለገውን ሰው ይነግራታል፤ እሷም ገመዱን ከቀዳዳው ሰክታ ታገናኘዋለች። ሰው ሞቶበት የተደናገጠ ደዋይ «ቀብር አስፈጻሚ አገናኝኝ» ቢላት ከየትኛው ቀብር አስፈጻሚ ጋር እንደምታገናኘው ምርጫው የእሷ ነበር።

የስትሮውጀር ገበያ ሲቀዘቅዝ ጥርጣሬው ማዞሪያ ቤቱ ላይ አረፈ። ከኦፕሬተሮቹ አንዷ የተፎካካሪው ሚስት ነበረች፣ የስትሮውጀርንም ደንበኞች ወደ ባሏ ታዞር ነበር ይባላል። ወጉ ሲወራረስ ጨው ሳይጨመርበት አልቀረም፤ ዝርዝሩ ከተራኪ ተራኪ ይለያያል። ጥርጣሬው የወለደው ነገር ግን መዝገብ ላይ አለ። ሰውየው በ1889 ያለ ኦፕሬተር የሚያገናኝ ማዞሪያ ፈጠርኩ ብሎ አመለከተ፤ መጋቢት 10 ቀን 1891 ቁጥሩ 447,918 የሆነ የፈጠራ መብት ተሰጠው። በኅዳር 1892 በኢንዲያና ግዛት ላ ፖርት በምትባል ከተማ 75 ያህል ደንበኞች የነበሩት የመጀመሪያው አውቶማቲክ ማዞሪያ ሥራ ጀመረ። ስትሮውጀር የፈጠራ መብቶቹን በ1896 በ1,800 ዶላር፣ የድርጅቱን ድርሻውን ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ በ10,000 ዶላር ሸጠና ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። እዚያው በ1902 አረፈ። የእሱ ዓይነት ማዞሪያ ግን በብዙ አገር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ሲንቋቋ ኖሯል።

ለኦፕሬተሯ አንድ ነገር ልመስክርላት። የስልክ ኩባንያዎች መጀመሪያ የቀጠሩት ጎረምሶችን ነበር፤ እነሱ ግን ደንበኛ እየተሳደቡ አስቸገሩ። ከዚያ መስከረም 1 ቀን 1878 ኤማ ነት በቦስተን የመጀመሪያዋ ሴት ኦፕሬተር ሆነች፤ ሙያውም በአብዛኛው የሴቶች ሆነ። የትንሽ ከተማ ኦፕሬተር ሥራዋ ገመድ መሰካት ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ ማታ ማን ቤት እራት እንደተጋበዘ ታውቃለች፤ ለታማሚው ቤተሰብ «እቤቱ የለም፣ እነ እገሌ ዘንድ ላገናኛችሁ» ትላለች። «ማን ነው የሚፈልገኝ?» ብሎ ለሚጠይቃት ደግሞ ትነግረዋለች። ዛሬ የቢሮ ስልክ የሚተክል ቴክኒሺያን በኮድ የሚያስገባቸው ሁለት አገልግሎቶች፣ ጥሪ ማዞርና የደዋይ ቁጥር ማሳየት፣ ሁለቱም በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ነበሩ። የስትሮውጀር ማሽን ጥርጣሬውን ሲያስወግድ እነዚህንም አብሮ አስወገዳቸው። ሁለቱን ወደ ስልኩ ለመመለስ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ፈጅቷል፤ ሲመለሱም ጥርጣሬውን ይዘው ነው የተመለሱት።

የስትሮውጀር ማዞሪያ ታዛዥ ግን አስታዋሽ ያልሆነ ማሽን ነበር። ደንበኛው 4 ሲደውል ክንዱ አራት ደረጃ ይወጣል፤ ቀጥሎ 7 ሲደውል ሰባት እርምጃ ይዞራል፤ እዚያ ያገኘውን መስመር ይይዛል። «የዚህ ቁጥር ባለቤት ዛሬ ሌላ ቦታ ነው» የሚል ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የአንድን መስመር ጠባይ መለወጥ ያሰኘ እንደሆነ ቴክኒሺያን ሽቦ ፈትቶ ሌላ ሽቦ በብየዳ ማያያዝ ነበረበት።

ለውጡ የመጣው ማዞሪያው ውስጥ ኮምፒውተር ሲገባ ነው። የአሜሪካው ስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ የምርምር ተቋም የሆነው የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲሶች በ1960 በኢሊኖይ ግዛት ሞሪስ ከተማ ሙከራ አደረጉ። ቀጥሎም ግንቦት 30 ቀን 1965 በኒው ጀርሲ ሳካሰና «1 ኢኤስኤስ» የተባለው የመጀመሪያው ትልቅ ኤሌክትሮኒክ ማዞሪያ ሥራ ጀመረ። ለልማቱ 500 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበታል፤ ለዚያ ዘመን ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ነው። አሁን ማዞሪያው የሚሠራው በሽቦው አቀማመጥ ሳይሆን በማህደረ ትውስታው በተጻፈው ፕሮግራም ሆነ። ጥሪ ሲበዛ ኮምፒውተሩ እንዳይታነቅ ሥራዎቹን በቅደም ተከተል የሚያስይዘውን ዘዴ የፈጠረችው ኤርና ሽናይደር ሁቨር ናት። ዶክትሬቷን በሒሳብ ፍልስፍና ከየል ዩኒቨርሲቲ ያገኘችው ሁቨር ሐሳቡ የመጣላት ሁለተኛ ልጇን ወልዳ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ነው። የፈጠራ መብቱ በ1971 ተመዘገበላት።

በዚህ ማዞሪያ ጥሪ ማዞር ማለት ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ሆነ። አሜሪካዊው ደንበኛ *72 ብሎ የሚዞርበትን ቁጥር ያስገባል፤ ሲበቃው *73 ብሎ ይሰርዛል። ኮከብ የሌለው ባለ ክብ መደወያ ስልክ ያለው ሰው ደግሞ በኮከቡ ፋንታ 11 እየቀደመ 1172 እና 1173 ይደውል ነበር። ማዞሪያው ለዚያ ቁጥር ጥሪ ሲመጣ ሠንጠረዡን ያያል፤ ምልክት ካለ የቤቱን ስልክ ከማስጮህ ይልቅ ራሱ ሌላ ጥሪ ይደውላል። ስለዚህ የዞረ ጥሪ በሒሳብ ሁለት ጥሪ ነው፤ የመጀመሪያውን ደዋዩ፣ ሁለተኛውን ያዞረው ሰው ይከፍላል። ይህን ሳያውቁ ቢሯቸውን ወደ ውጭ አገር ቁጥር አዙረው የሄዱ ሰዎች ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ክፍያ ቀላል አይሆንም።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ኮምፒውተሩ አንሶ ቢሮ ውስጥ ገባ። የኤቲ ኤንድ ቲው «ዳይሜንሽን» እና የካናዳው ኖርዘርን ቴሌኮም «ኤስኤል-1»፣ ሁለቱም በ1975፣ ፒቢኤክስ የሚባለውን የቢሮ ማዞሪያ በፕሮግራም የሚመራ አደረጉት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የቢሮ ፖለቲካ የሚሆነው። የሥራ አስኪያጁ ጥሪ መጀመሪያ ማን ጋ ይጮኻል? ጸሐፊዋ ጋ ነው ወይስ ቀጥታ እሱ ጋ? እሱ ካላነሳ ወደ ማን ይዞራል? ጸሐፊዋ ስታነሳ ቁጥሩ ለእሷም ይታያል? ቴክኒሺያኑ ለእነዚህ መልስ ሳያገኝ አንድም ቁልፍ አይነካም። መልሱን የሚሰጠው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሥልጣኑን የሚያሳይበት አጋጣሚ ያገኛል።

እነዚህ የማዞር አማራጮች በሞባይላችን ውስጥም አሉ። ጂኤስኤም የተባለው የሞባይል ደረጃ ለሁሉም ኔትወርክ ተመሳሳይ ኮድ አውጥቷል። ጥሪ ሁሉ እንዲዞር **21* ብሎ ቁጥሩን አስገብቶ በ# መዝጋት ነው። በ21 ፋንታ የሚገቡት ደግሞ 61 ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር፣ 67 መስመሩ ሲያዝ፣ 62 ስልኩ ሲጠፋ ወይም ከኔትወርክ ውጭ ሲሆን ነው። *#21# ጥሪው ዞሮ እንደሆነ ይነግራል፤ ##002# ሁሉንም ይሰርዛል። ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር የሚዞረውን ጥሪ በተመለከተ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅ መወሰን ይቻላል፤ ከ5 እስከ 30፣ በ5 በ5 ልዩነት። ጥቃቅን የምትመስለው ይህች ቁጥር ናት የብዙ ቢሮን ራስ የምታሳምመው። ከቢሮ ወደ ሞባይል የዞረ ጥሪ የቢሮው ማዞሪያ ለጸሐፊዋ ሳይመልሰው በፊት የሞባይሉ የድምፅ መልእክት ሳጥን ካነሳው፣ ደንበኛው ትዕዛዙን ማንም ለማይከፍተው ሳጥን ይናገራል። መፍትሔው ሁለቱን ሰከንዶች አስተያይቶ የቢሮውን ማሳጠር ነው፤ ይህን የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ብዙ የቢሮ ማዞሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ቀላል የይለፍ ቁጥር አላቸው፤ የተከለው ሰው ሳይቀይረው ይሄዳል። ሌባ በሌሊት ገብቶ አንድን የውስጥ ቁጥር ውድ ታሪፍ ወዳለው የባዕድ አገር መስመር ያዞረዋል፤ እስኪነጋ ድረስም ያስደውልበታል። ስትሮውጀር የጠረጠረው ዓይነት ማዞር ነው፤ የሚሰረቀው ብቻ ከደንበኛ ወደ ገንዘብ ተቀይሯል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ፤ የደወለው ማን ነው? በማህበራዊ ሚዲያ የደዋይ ቁጥር ማሳያን የፈጠረችው ጥቁር አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ሸርሊ አን ጃክሰን ናት የሚል ጽሑፍ በየዓመቱ ይዞራል። ጃክሰን በቤል ላቦራቶሪ የሠራች ታላቅ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሊቅ ናት፤ ክብሯ ተጨማሪ ወግ አያስፈልገውም። የፈጠራ መብቶቹ ላይ ያሉት ስሞች ግን ሌሎች ናቸው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሪካዊው ቴዎዶር ፓራስኬቫኮስ፣ ኋላም ጃፓናዊው ካዙኦ ሃሺሞቶ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ የቤል ላቦራቶሪዋ ካሮሊን ዶውቲ። የዶውቲ መላ ቀላልና ብልህ ነው። የአሜሪካ ስልክ ሁለት ሰከንድ ጮኾ አራት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ቁጥሩ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደውል መካከል ባለው በዚያ ዝምታ ውስጥ በሰከንድ 1,200 ቢት ፍጥነት በድምፅ ምልክት ይላካል። ስልኩን ገና በመጀመሪያው ደውል ላይ የሚያነሳ ችኩል ሰው ቁጥሩን ሳያይ የሚቀረው ለዚህ ነው።

አገልግሎቱ በ1984 በፍሎሪዳ ኦርላንዶ በሙከራ፣ በ1987 ደግሞ በኒው ጀርሲ ሲጀመር ያልተጠበቀ ጠብ አስነሳ። በስልክ ብልግና የሚሰደቡ ሴቶች «የሚያስፈራራን ሰው ይታወቅ» አሉ፤ ከደብዳቢ ባሎቻቸው ሸሽተው የተጠለሉ ሴቶች ያሉባቸው ድርጅቶች ደግሞ «ቁጥራችን ይታወቅና እንገደል?» አሉ። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው። በ1990 የፔንሲልቬንያ ፍርድ ቤት አገልግሎቱ የስልክ ጠለፋን የሚከለክለውን ሕግ ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1992 አጸናው። የፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ያመጣው ማስታረቂያ ከታኅሣሥ 1995 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ ቁጥሩ ይታይ፣ መደበቅ የፈለገ ግን ከመደወሉ በፊት *67 ይበል። ካሊፎርኒያ ሕዝቡ ስለ መደበቂያው አስቀድሞ ካልተማረ አልፈቅድም ብላ እስከ 1996 አስጠበቀች። እኔ ከሁሉም ብልሆቹ ካሊፎርኒያውያን ነበሩ እላለሁ።

ያ ሁሉ ሙግት የቆመው ግን የሚታየው ቁጥር እውነት ነው በሚል ግምት ላይ ነበር። ቁጥሩን የሚናገረው ጥሪው የተነሳበት ማዞሪያ ነው፤ ቀጣዩ ማዞሪያ አምኖ ያስተላልፋል። በቢሮ ማዞሪያ ደግሞ የትኛው ቁጥር እንዲላክ የሚጽፈው የቢሮው ቴክኒሺያን ነው። ይህ ለበጎ ነው የታሰበው፤ 40 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ማንም ቢደውል የእንግዳ መቀበያው ቁጥር ብቻ እንዲታይ ይፈልጋል። አጭበርባሪም ያንኑ የቁጥር መጻፊያ ቦታ ከፍቶ የባንክ ቁጥር ይጽፍበታል። አሜሪካ ለማታለል ሲባል የሐሰት ቁጥር ማሳየትን በሕግ የከለከለችው በታኅሣሥ 2010 ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሚስኮል ብለን ያለ ሳንቲም የምንነጋገርበት ልማድ የቆመው ቁጥሩ በመታየቱ ነው፤ ማን እንደደወለ ባይታይ ሚስኮል ትርጉም አይኖረውም። በሌላ በኩል ከዋሽንግተን ወይም ከጂዳ በርካሽ ካርድ የደወለ ዘመድ አዲስ አበባ ላይ በማይታወቅ የአገር ውስጥ ሞባይል ቁጥር ሲታይ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ጥሪው በኢንተርኔት መጥቶ ብዙ ሲም ካርድ ከተሰካበት ሣጥን እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ተደውሏል ማለት ነው፤ የዓለም አቀፍ ታሪፉን ለማምለጥ የሚደረግ ማጭበርበር ነው። እናትየው መልሳ ብትደውል ልጇን አታገኝም።

አሁን የተያዘው መድኃኒት ቁጥሩን በዲጂታል ፊርማ ማጽናት ነው። ስተር-ሼክን የሚባለውን ይህን አሠራር ትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች እስከ ሰኔ 30 ቀን 2021 እንዲጀምሩ ተገድደዋል። ጥሪውን ያስነሳው ኩባንያ ደንበኛውንና ቁጥሩን ሁለቱንም ካወቀ «ኤ»፣ ደንበኛውን ብቻ ካወቀ «ቢ»፣ ከሌላ ተቀብሎ ብቻ ካሳለፈ «ሲ» ብሎ ይፈርማል። ፊርማው ውስጥ የደዋዩ ቁጥር፣ የተደወለበት ቁጥርና ሰዓቱ አሉ። ችግሩ ጥሪ ሲዞር ብቅ ይላል፤ የተደወለበት ቁጥር ይቀየራል፣ ፊርማው ከጥሪው ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ ያዞረው ወገን ሁለተኛ ፊርማ ሊጨምርበት ይገባል። ሁሉም አይጨምርም። ጥሪው በመንገዱ ላይ ኢንተርኔት በማይናገር አሮጌ ማዞሪያ ካለፈ ደግሞ ፊርማው በሙሉ እዚያው ይቀራል፤ ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ፊርማ የሌለው ቁጥር ብቻ ነው።